ስለ ዓይን መጨፈን ዘዴ ምንጭ ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ሰሞን ከየቅርንጫፉ ሰባት ሰዎች ጽፋችሁልኛል። ሰባት ሰው ለኔ ብሎግ ሕዝብ ነው። ጥያቄያችሁም አንድ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ በኦንላይን ስልጠናው ላይ ያሳየኋችሁ አዳዲስ ዘዴዎች፣ ማለትም ስልክ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ ዓይን ጨፍኖ መማርና ያለ ሰሌዳ መወያየት፣ ከየት አገር የመጡ ናቸው? ምንጩን ይላኩልን ብላችኋል። የጅማው ባልደረባችን ዓይን የመጨፈኑን ዘዴ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ጥሩ ውጤት እንዳገኘበት ሁሉ ነግሮኛል።

ምንጩ እኔ ነኝ። ዘዴዎቹን የፈጠርኳቸው በዚያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የፈጠርኳቸውም ሰው ለማስተማር ሳይሆን አንዲት ሴት አንድ ነገር እንዳታውቅ ለማድረግ ነው። የጅማው ባልደረባዬ ይቅርታ ያድርግልኝ። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ግን አይተወው።

ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ። ከምኒልክ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ከዚያ ስልጠናው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ማን እንደተማረና ማን እንደቀረ የሚመዘግብ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ ወረቀት ባለማጥፋት ስለምታወቅ በኮንትራት መለሱኝ፤ ቆይቶ ስልጠናውን ማወያየቱንም ጨመሩልኝ። ትምህርቴ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርኩት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነው። ብሎጉን የጀመርኩትም ያየሁትን እንዳልረሳ ብዬ ነው። ሰው ጠርቼ "ኑ እዩልኝ" ማለት አይሆንልኝም። እጽፈዋለሁ፤ የፈለገ ያነባል። ስለ አምስት ደቂቃ አጫጭር ትምህርቶች ጽፌያለሁ። ፈተና ላለፈ ሠራተኛ የኮከብ ምልክት ስለሚሰጠው መሣሪያም ጽፌያለሁ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ለዚያች ኮከብ እንዴት እንደሚጣሉ ያየሁትን ግን አልጻፍኩም።

ከሁለት ወር በፊት የጋራ ሰሌዳ ስለሚባለው መሣሪያ ጻፍኩ። ሁሉም ባለበት ቅርንጫፍ ሆኖ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ይጽፋል፤ የጻፈው ወዲያው የሁሉም ሰው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ማጽደቂያ የምትባል ማብሪያ አለችው። እሷ ከበራች ጽሑፉ ወዲያው አይወጣም፤ አወያዩ አይቶ እስኪለቀው ይጠብቃል። እኔ ያን ጊዜ ምን ብዬ መከርኳችሁ? "ማጽደቂያውን አጥፉት። ለአዋቂ ሠራተኛ ዘበኛ አያስፈልገውም።" ይህን አባባል ወድጄው ነበር። ብቻዬን ሆኜ ሦስት አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

አሁን ወደ ማክሰኞ።

ጠዋት የጊዮርጊስን ደጅ ተሳልሜ አደባባዩን ስሻገር ስልኬ ጮኸ።

"እትዬ፣ ታደሰ ነኝ፣ የአስካለ ወንድም። ብቻዎን ነዎት?"

በዚያ ድምፅ "ብቻዎን ነዎት" የሚል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። የአጥሩን ብረት ያዝኩ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ታላቅ እህታችን አረፈች። የደብረ ብርሃኗ። ሌሊት ነው።"

"አስካለስ?"

"አልሰማችም። ሳንደርስባት ሥራ ገባች። አሁን ቤቷ ድንኳን እየተተከለ ነው። ዘመድ እየተሰበሰበ ነው፣ የነፍስ አባቷም ቅዳሴ ላይ ናቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌ ይዘን መጥተን እንወስዳታለን። እስከዚያ ከማንም እንዳትሰማ። የደም ግፊቷን ያውቁታል። የአጎታችንን ጊዜ በድንገት ሰምታ ሦስት ቀን ሆስፒታል ነው የተኛችው። አደራ እትዬ።"

"አደራ" ባይል ይሻለኝ ነበር።

አስካለ ደብዳቤ ክፍል ነው የምትሠራው። ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ጋር ከተጋጠመ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጠዋት "እንደምን አደሩ እትዬ"፣ ማታ "ደህና ይደሩ" ትለኛለች፤ መሐሉ ወረቀት ነው። ሁለታችንም ወሬ አንወድም። ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣ፣ መነጽሯን ካላደረገች የፊት ለፊቱን ሰዓት እንደማታነብ አውቃለሁ። እንግዲህ እቤቷ ድንኳን ስላለ ወደ ቤት ልልካት አልችልም። ከሷ ጋር ሻይ ቤት ገብቼ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ ልቀመጥ ብል፣ በሃያ ሁለት ዓመት አድርጌው ስለማላውቅ ገና ስጋብዛት ሰው መሞቱን ታውቃለች። የቀረኝ ስልጠናው ነው። ስልጠናው ደግሞ የሚያልቀው አምስት ሰዓት ላይ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው አዳራሽ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አስካለ ከፊት ረድፍ ናት፤ ስልኳ እጇ ላይ ነው። የዘመድ ስልክ አንድ ጊዜ ከጮኸ አለቀልኝ። በሩ አጠገብ የአስተያየት መስጫ ሳጥናችን ተሰቅሏል። አወረድኩትና ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

"ዛሬ ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሰው ስልኩን እዚህ ይከታል" አልኩ። "የዘመኑ አሠራር ነው።"

የሰው ኃይል ኃላፊያችን አቶ መኮንን አዲስ ነገር ሲሰሙ ማስታወሻ የሚያወጡ ሰው ናቸው። አወጡ። "ይህ ነው እኮ የምለው! እትዬ ባይኖሩ ዓለም የት እንደደረሰ በምን እናውቅ ነበር?"

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ፍስሐ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ዝም ማለት አይችልም። "እትዬ፣ ይሄ ፈረንጅ መጀመሪያ ስልክ ያዙ አለን፣ አሁን ደግሞ አትያዙ አለ?"

"አለ" አልኩት።

"ቁርጡን ይንገረን እንግዲህ" ብሎ ከተተ። ሁሉም ከተቱ። ቀዳዳው ለታጠፈ ወረቀት የተሠራ ቢሆንም የዛሬ ስልክ ቀጭን ነው። አስካለም "እትዬ ካሉ" ብላ ከተተች። ያ ሳጥን ከተሰቀለ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ምሳሌ ለመሆን እኔም የኔን ጣልኩ። ታደሰ የሚደውለው በኔ ስልክ መሆኑ ትዝ ያለኝ ሲወድቅ ድምፁን ከሰማሁ በኋላ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ከቀድሞው ኃላፊ ጋር ጡረታ ወጥቷል።

ሦስት ሰዓት ላይ ቅርንጫፎቹ ተገናኙ። ሰላምታው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሌላውን ቅርንጫፍ ጤና፣ የአየሩን ሁኔታና የዝናቡን ነገር ይጠይቃል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት በዚሁ ገጽ ላይ ቅሬታ ጽፌ ነበር። ያን ቀን ግን በሆዴ "ጠይቁ፣ ከብቱንም ጠይቁ" እል ነበር።

ሰላምታ ሲያልቅ እጄ በልማዱ የጋራ ሰሌዳውን ከፈተ። ሰሌዳው በፕሮጀክተር ነጭ ግድግዳ ላይ ይታያል። "ባለፈው ወር ምን ተማራችሁ?" ብዬ ጻፍኩ። ስልክ ሰብስቤ፣ ሰው አፍኜ፣ ትልቁን በር ራሴ ከፈትኩት። ሁልጊዜ አንደኛ የሚጽፉት የደብረ ብርሃኑ አቶ ጌትነት ናቸው፤ ያን ዕለትም አንደኛ ሆኑ።

"እህታችን ወ/ሮ አስካለ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእህትሽን ነፍስ ይማርልን። ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ።"

አገሩ ትንሽ ነው፤ ለቅሶውን አይተው ነው የመጡት። እሷም የሰማች መስሏቸዋል።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ብቻ ሄጄ በብርሃኑና በግድግዳው መካከል ቆምኩ። ጽሑፉ ከግድግዳው ወደ ነጠላዬ ተዛወረ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ደረቴ ላይ "ያጽናሽ"፣ ሆዴ ላይ "ነፍስ" ይላል። ነጠላዬን እጥፍጥፍ አድርጌ ያዝኩት፤ "ነፍስ" ተጨማደደ። አስካለን አየሁ። አንገቷን ደፍታ ማስታወሻዋ ላይ ቀን እየጻፈች ነበር። ተመስገን አልኩ።

ፍስሐ ግን አንብቦታል። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል ነገር ጠፋው።

"አሁን" አልኩ፣ "ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ።"

"እትዬ?" አሉ አቶ መኮንን።

"ዓይን ጨፍኖ መማር ነው። አዲስ ነው።"

"ግሩም!" ብለው ጨፈኑ። ቀድመው የጨፈኑትም እሳቸው ናቸው።

ፍስሐ ነገሩ ገባው። "ዓይን ጨፍኖ ከሆነማ እትዬ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሙሉ በዘመናዊ ዘዴ ነው የጨረስኩት" ብሎ አጠገቡ ያለችውን በክርኑ ጎሸማትና ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት። እሷም አጠገቧ ያለውን ጎሸመች። ጉሽሚያው በረድፉ ሁሉ ሄደ። አስካለና አቶ መኮንን ሲቀሩ አዳራሹ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አወቀ፤ አውቆም ጨፈነ።

ወደ ላፕቶፑ ሮጥኩና ጽሑፉን አጠፋሁት። እፎይ ከማለቴ ተመልሶ መጣ። ታች "ኔትወርኩ አጠፋብኝ መሰለኝ፣ ደግሜ ልኬያለሁ" የሚል ተጨምሮበታል። አጠፋሁት። የደሴው መጣ። የአዳማው መጣ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አንድ ቅርንጫፍ "ያጽናሽ" ካለ ሌላው አለማለቱ በኋላ ይወራል። አንዱን ሳጠፋ ሁለት ይመጣል። የጠፋበትም ኔትወርክ መስሎት ይደግማል። የሥራ ጥያቄ ስጠይቃቸው እንዲህ ፈጥነው መልሰውልኝ አያውቁም።

"እስከ ስንት ደቂቃ ነው እትዬ?" አሉ አቶ መኮንን እንደጨፈኑ።

"ግለጡ እስክል።"

አስካለ ብትገልጥስ? ተጠጋኋትና "መነጽርሽን አውሺኝ እስቲ፣ የኔ ጭጋግ ሆነብኝ" አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ አወለቀችና ሰጠችኝ። ያለ መነጽር አስካለ ከግድግዳው ላይ ምንም አታነብም። ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሴ ኮራሁ። ከዚያ፣ ውሸቴ እንዳይታወቅ መነጽሯን አደረግሁት።

በሰው መነጽር ማየት በጎርፍ ውሃ ውስጥ ማየት ነው። ማጥፊያውን የተጫንኩ መስሎኝ አጠገቡ ያለውን ማጉያ ተጫንኩ። የጅማው ሐዘን መግለጫ ግድግዳውን ሞላው። እያንዳንዱ ፊደል የሰው ቁመት አህሎ "አስካለ" የሚለው ስም ከመስኮቱ እስከ በሩ ተዘረጋ። ያን የሚያህል ፊደል ያለ መነጽርም ይነበባል። ነጠላዬን አውልቄ ፕሮጀክተሩ አፍ ላይ ጣልኩት።

አዳራሹ ጨለም አለ። ትንሽ ቆየና አቶ መኮንን "የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" አሉ።

"ማሽተትም የዘዴው አካል ነው" አልኩ።

ይህን መልስ የጻፉበት ማስታወሻ እስከ ዛሬ አላቸው።

ነገሩ ከምንጩ ካልቆመ እንደማይሆን ገባኝ። ለደብረ ብርሃን መደወል አለብኝ፤ ስልኬ ሳጥን ውስጥ ነው። የመስመር ስልክ ያለው ምድር ቤት እንግዳ መቀበያው ጋ ነው። ነጠላዬን አነሳሁ፤ ጫፉ ቡናማ ሆኗል። ፕሮጀክተሩን ወደ ጣሪያው አዙሬ "ፍስሐ፣ አንድ ነገር አውራ፤ ማንም እንዳይገልጥ" አልኩና ወረድኩ። ደረጃው ላይ ሆኜ ስለ ዶሮ ማነቂያ ልጅነቱ ሲጀምር ሰማሁት፤ ድምፁ ትንሽ ይሰበራል።

"አቶ ጌትነት! አስካለ እኮ አልሰማችም!"

"እመቤቴ ማርያም" አሉ። "ምን አደረግሁ! ቆይ፣ ቆይ፣ አሁኑኑ ሁሉንም ቅርንጫፍ አስቆማለሁ።"

"እንዴት አድርገው?"

ስልኩ ተዘጋ። መነጋገሪያውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አቶ ጌትነት ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ሊያገኙ የሚችሉበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ የከፈትኩት ሰሌዳ ነው።

ቆጣሪው ከስልኩ አጠገብ ነው። አላመነታሁም፤ የመብራቱን ዋና ማብሪያ ወደ ታች ጎተትኩት። ከሦስተኛ ፎቅ "ኤጭ፣ መብራት ሄደ!" የሚል ድምፅ መጣ። ማንም አልተጠራጠረም። በዚህ ከተማ መብራት ሄደ ሲባል ምክንያት የሚጠይቅ የለም።

ያልቆጠርኩት ዘበኛውን ነው። ሌላ ጊዜ ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ወይ ነዳጅ፣ ወይ መፍቻ ይፈልጋል። ያን ቀን ግን ትልቅ ስልጠና አለ ተብሎ ስለተነገረው ከጠዋት ጀምሮ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ደረጃው መጀመሪያ ላይ ሳልደርስ ጄኔሬተሩ አጓራ።

በዚያ ደረጃ ላይ ሮጬ አላውቅም። መዝገብ ቤት የሚያስሮጥ ሥራ የለም። ጉልበቴን በሁለት እጄ እየገፋሁ ወጣሁ። አዳራሽ ስደርስ ፕሮጀክተሩ ጣሪያው ላይ ሰማያዊ እያበራ ይሞቃል፤ የኢንተርኔቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የአስካለን መነጽር አውልቄ የኔን አደረግሁ። ማጽደቂያው የት ነው? ምልክቱ ሁሉ አንድ ይመስለኛል። ከዚያ የራሴ ጽሑፍ ትዝ አለኝ፤ ቃል በቃል። "ከላይ በቀኝ በኩል ሦስት ነጥቦች አሉ። ሲከፈቱ ከታች አራተኛው ማጽደቂያ ነው። አጥፉት።" ሦስቱን ነጥቦች ከፈትኩ። ከታች አራት ቆጠርኩ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ተጫንኩት።

ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሁሉ አጥፍቼ ፕሮጀክተሩን ከጣሪያው ወደ ግድግዳው መለስኩት። ነጭ ነው። ላፕቶፑ ዳር ላይ፣ ለአወያዩ ብቻ የምትታይ ትንሽ ቁጥር መቁጠር ጀመረች። በጥበቃ ላይ ያሉ፦ አንድ፣ አራት፣ አሥር፣ አሥራ ዘጠኝ። ከሁሉ በላይ ያለው የአቶ ጌትነት ነበር። "አስቸኳይ! ለሁሉም ቅርንጫፎች። ወ/ሮ አስካለ ገና አልሰማችም። እባካችሁ ዝም በሉ።"

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ዓይናችሁን ግለጡ" አልኩ።

ገና አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ሰሌዳ የለም፤ ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይቀራል። "ቀጥሎ ያለ ሰሌዳ መወያየት ነው" አልኩ። "እያንዳንዱ ሰው ሥራ መጀመሪያ ያስተማረው ማን እንደሆነ ይናገራል። አይቸኩል።" አቶ መኮንን ስለ ራሳቸው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። ከልቤ አመሰገንኳቸው። አቶ ጌትነት ጽሑፋቸው አልወጣ ሲላቸው ለየቅርንጫፉ አንድ በአንድ ደውለው ኖሯል፤ ከቅርንጫፎቹም፣ እዚህ ካሉትም፣ ሁሉም ንግግሩን ሊያስረዝም የቻለውን ያህል አስረዘመ። አንዲት ሴት የመጀመሪያ አለቃዋን የኮት ቁልፎች ሳይቀር ነገረችን። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተራው ወደ አስካለ መጣ። ልዘላት ስል እሷ ራሷ ተነሳች።

"እኔን ያስተማረችኝ እህቴ ናት" አለች።

ወንበሬን ወደ እሷ አቀረብኩ።

"ደብረ ብርሃን ታይፒስት ነበረች። እኔ እዚህ አምስት ኪሎ አክስታችን ጋ ሆኜ ሥራ እፈልጋለሁ፤ ታይፕ የለኝም። ካርቶን ላይ የታይፑን ፊደላት በሙሉ በየቦታቸው ሥላ በአውቶቡስ ላከችልኝ። በየሳምንቱ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ 'በዚህ ሳምንት የግራ እጅሽን ትንሿን ጣት አስለምጂ' ትላለች። ካርቶኑ ላይ እመታለሁ። ምን እንደመታሁ አይታይም። ግን የቱን ፊደል በየትኛው ጣት እንደመታሁ በቅደም ተከተል ጽፌ እልክላታለሁ፤ በቀይ አርማ ትመልስልኛለች። ስቀጠር እውነተኛ ታይፕ ነክቼ አላውቅም ነበር። ፈተናውን አንደኛ ወጣሁ።" ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ ስለ ርቀት ትምህርት ሲጽፉ ባነበብኩ ቁጥር ካርቶኑ ትዝ ይለኛል። ይኸው ነው።"

ተቀመጠች። ከግድግዳው ድምፅ ማጉያ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲናፈጥ ተሰማ።

"ደብረ ብርሃን፣ ድምፅዎን ይዝጉ" አልኩ።

ፍስሐ "ካርቶኑ ኮከብ ይሰጥ ነበር?" ብሎ ቀልድ ሞከረና ሳይጨርሰው ወደ መስኮቱ ዞረ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳጥኑ መጮህ ጀመረ፤ አንዱ ስልክ ጀምሮ ሌሎቹ ተከተሉት። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ታደሰ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቷ ቆመዋል። "አስካለ፣ ቤት ትፈለጊያለሽ" አሉ አንደኛው። ቦርሳዋን አነሳች። ስለ ስልኳ አልጠየቀችም፤ ስለ መነጽሯም አልጠየቀችም። አብሬያቸው ሄድኩ። ቤቷ ደርሰን፣ ተቀምጣ፣ ውሃ ሰጥተዋት፣ የነፍስ አባቷ በወጉ ነገሯት። በወጉ አለቀሰች። ግፊቷ ከፍ አላለም። አደራዬን ተወጣሁ ብዬ ደጅ ላይ ትንሽ ቆምኩ።

ሳጥኑን ከሰዓት በኋላ ፍስሐ በመፍቻ ፈትቶ ከፈተው። ከስልኮቹ ሥር አንድ የቆየ ወረቀት ተገኘ። "እባካችሁ ይህን ሳጥን አንዳንድ ጊዜ ክፈቱት" ይላል።

አስካለ ጥቁር ለብሳ በሳምንቱ ሥራ ገባች። "እንደምን አደሩ እትዬ" አለችኝ። መነጽሯን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠርጋ አደረገችው፤ ወረቀቷን አስተካከለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣

"አይቼው ነበር እኮ" አለች።

"ምኑን?"

"የመጀመሪያውን። ነጠላዎ ላይ ሳይደርስ።"

"ማስታወሻሽ ላይ ቀን ስትጽፊ አልነበር?"

"ያረፈችበትን ቀን ነበር የምጽፈው።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። "ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ግፊትሽስ?"

"ዓይን ጨፍኑ ሲሉ እኔ ገልጬ ወደ ኋላ ዞር አልኩ" አለች። "ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንባው ይወርዳል። በኋላ ፍስሐ እያለቀሰ ያሳቀናል። እርስዎ በኔ መነጽር ጠረጴዛ ይዳብሳሉ፤ ነጠላዎን ያቃጥላሉ። እንደዚያ ስትለፉልኝ 'ሰምቻለሁ' ብዬ ላፍርስባችሁ? ደግሞስ ነገ 'እህትሽን ማን አረዳሽ' ስባል ሰሌዳ ልበል? ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅሁ።"

"ሻይሽ ቀዘቀዘ" አልኳት። ጠጣችው።

ይህንን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ እሷ ናት። "ምንጭ ለጠየቁት ይጻፉላቸው" ብላለች። ስለዚህ ያለፈውን ምክሬን በዚህ አርሜያለሁ፤ ማጽደቂያውን አብሩት። ዘበኛ ለአዋቂም ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ሥራ በገባችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ አስካለ "እነዚያ የጠበቁት ጽሑፎች አሁንም አሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። አሉ፤ ሠላሳ አንድ ሆነዋል። አዳራሹ ባዶ ነበር። ፕሮጀክተሩን አበራሁ፤ እሷ በዚያው በፊት ረድፍ ወንበሯ ላይ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። አንድ በአንድ ለቀቅኩላት። እያንዳንዱን ሳትቸኩል አነበበች፤ ስትጨርስ ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፣ እኔም ቀጣዩን እለቃለሁ። ደሴ፣ አዳማ፣ ጅማ። መጨረሻ ላይ የቀረው የአቶ ጌትነት አስቸኳይ መልእክት ነበር። ምን እንደሚል ነገርኳትና "ይሄን ላጥፋው" አልኩ።

"አይ" አለች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ትንሽ ሳቅ መጣ። "እሱንም ያጽድቁት።"

አጸደቅሁት።